«ገባችሁ?» «አዎ፣ ቲቸር!»

67 ልጅ ባንድ አፍ «አዎ፣ ቲቸር!» ሲል ደስ ይላል። ጣሪያችን ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል። «ገባችሁ?» «አዎ!» «እርግጠኛ ናችሁ?» «አዎ!» ከዚያ ጠመኔዬን አስቀምጬ፣ እጄን አራግፌ እወጣለሁ። 17 ዓመት እንዲህ ስወጣ ኖሬያለሁ።

ዘንድሮ አንዲት እጩ መምህርት መጥታ ይህን ደስታዬን አበላሸችብኝ። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሷ ነው። በየስብሰባው «ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል ይግባ» እያሉ ለሚያጨበጭቡም፣ «ደግሞ መጣብን» ብለው ለሚያጉረመርሙም የምለው አለኝ።

የማስተምረው ጎንደር ነው። በአዘዞ መስመር ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባንዱ፣ ሦስተኛ ክፍል። የመምህራን ኮሌጅ ተማሪዎች ለፕራክቲከም፣ ማለትም ለማስተማር ልምምድ፣ ሲወጡ አንድ ሁለቱ እኔ ጋ ይመደባሉ። አብዛኞቹ ቻርት ይዘው ነው የሚመጡት። መርጃ መሣሪያ ነጥብ አለዋ! ቻርቱ ይሰቀላል፣ ሱፐርቫይዘሩ አይቶ ቅጹ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ቻርቱ ይጠቀለላል። ልጆቹ ያዩት አይመስለኝም።

ይቺኛዋ ግን በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ክምር ይዛ ነው የመጣችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ካርድ ነው፣ እትዬ። ልጆቹ በዚህ ይመልሳሉ፤ እኔ በስልኬ አነባለሁ።»

«67ቱም?»

«63ቱ። ካርዱ እስከ 63 ድረስ ነው ያለው። ለአራቱ አንድ ነገር አስባለሁ።»

አፕሊኬሽኑ ፕሊከርስ ይባላል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት ይይዛል። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ቅርጽ ታትሟል፤ ሱቅ ስንከፍል በስልካችን እንደምናነሳው ኪው አር ኮድ ያለ፣ ግን ገዘፍ ያለ። የአንዱ ልጅ ቅርጽ የሌላውን አይመስልም። አራቱ ጎኖች አራት መልሶች ናቸው። ልጁ የመረጠውን መልስ ወደ ላይ አዙሮ ወረቀቱን ያነሳል። መምህሯ ስልኳን በክፍሉ ላይ ዞር ዞር ስታደርግ ካሜራው ማን ምን እንደመለሰ ይለቅማል። ልጆቹ ስልክም ታብሌትም አያስፈልጋቸውም። ቅርጹ ስለሚለያይ ከጎረቤት መኮረጅም ከባድ ነው።

ከባድ ነው አልኩ እንጂ የኛ ልጆች አይችሉም አላልኩም። ካርዱ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት ሆን ተብሎ ትንንሽ ተደርገዋል። እሷ ደግሞ ልጆቹ እንዲገባቸው ብላ በማርከር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለች በትልቁ ጻፈችበት። ወረቀቱ ስስ ነው። ማርከሩ አሳልፎ በጀርባ በኩል ታየ። የኋላ ረድፍ ልጆች የፊቶቹን እያዩ እኩል አዞሩ። በማግስቱ በእርሳስ፣ በጀርባው በኩል፣ በትንሹ ጽፋ መጣች።

የመጀመሪያውን ቀን ግን ባልነግራችሁ ደስ ባለኝ። ዋዜማውን መብራት ጠፍቶ ነበር። ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጄኔሬተር እስኪያስነሳ ድረስ ቆማ፣ ከኪሷ ከፍላ ነው ያሳተመችው። ከኮሌጁ ሱፐርቫይዘር የመጣው ደግሞ በዚያው ቀን። ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ኋላ ተቀመጠ።

ጥያቄዋን ሰሌዳ ላይ ጻፈች። ልጆቹ ካርዳቸውን አነሱ። ገሚሱ ቅርጹን በጣቱ ሸፍኖታል። አንዱ ማራገቢያ አድርጎታል። 38 ቁጥር ጫፉ ተበልቷል (ባለቤቱ እስካሁን አላመነም)። ካርድ ካልደረሳቸው አራት ልጆች አንዱ ያለቅሳል። ከሁሉ የባሰው ስልኩ ነው። ኔትወርክ የለም። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ልጅቱ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ ስልኳን ወደ ሰማይ አነሳች። ልጆቹ እጃቸው እየዛለ ይጠብቃሉ። ደወል ተደወለ።

«የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀም» በሚለው ሣጥን ዝቅተኛውን ነጥብ አገኘች። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቅጹ የጠየቀውን ነው የሞላው። ግን በዚያው ሳምንት፣ ጎናችን ባለው ክፍል፣ ቻርት ሰቅሎ አንድም ጊዜ ያልነካው ጓደኛዋ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል።

«ተይው የኔ እህት፣ ቻርት ሥሪና ተገላገይ» አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት።

አልተወችውም። ከመስኮቱ በስተግራ ኔትወርክ የሚይዝበትን ቦታ አገኘች፤ ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ አደረገችበት። «መጀመሪያ ስልኩ፣ ከዚያ ካርዱ» የሚል ሕግ አወጣች። ካርድ የማይደርሳቸው አራት ልጆች በየቀኑ በተራ «ቆጣሪ» ሆኑ፤ እሷ ከስልኩ ስትነግራቸው ሰሌዳ ላይ ጭረት ይጭራሉ። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ካርድ ላለመያዝ መጣላት ጀመሩ።

አሁን ደስታዬን ወዳበላሸው የክፍልፋይ ትምህርት ልምጣ። ትምህርቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ክብ ሥዬ፣ ከፍዬ፣ ባለ ቀለም ጠመኔ ቀብቼ። «ገባችሁ?» ብያለሁ፤ «አዎ!» ብለዋል። በማግስቱ እሷ ገባችና ጠየቀች፦ ከ1/3 እና ከ1/4 የቱ ይበልጣል? ሀ፣ 1/3። ለ፣ 1/4። ሐ፣ እኩል ናቸው። መ፣ አላውቅም።

ቆጣሪዎቹ መጫር ጀመሩ። የ«ለ» ጭረት ረዘመ። መስመሩ ሞልቶ ወደ ታች ወረደ። ከ63ቱ 41ዱ 1/4 ይበልጣል ብለዋል። አራት ከሦስት ይበልጣል፣ አለቀ። «ሀ» ያሉት 14 ብቻ ናቸው። ስድስቱ እኩል ናቸው አሉ። ሁለት ልጆች «አላውቅም»ን ወደ ላይ አዞሩ። አንዷ የክፍሉ አንደኛ ናት።

ደረቴ ላይ ውኃ የፈሰሰብኝ ያህል ነበር። ይቺ ልጅ ትናንት ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ «አዎ!» ያለች ናት።

እጩዋ መልሱን አልነገረቻቸውም። የተሳሳተውንም በስም አልጠራችም። «ከጎናችሁ ካለው ጋር ተከራከሩ» አለቻቸው። ይሄ የሷ ፈጠራ አይደለም፤ ኤሪክ ማዙር የሚባል የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዘዴ ነው። እሱም የኔን ዓይነት ድንጋጤ ደርሶበት ነው። ተማሪዎቹ ቀመሩን አሳምረው ይሠራሉ፤ ነገሩን ግን አልተረዱትም ነበር። ጥያቄ፣ መልስ፣ ክርክር፣ እንደገና መልስ። እኛ ጋ ክርክሩ ገበያ ሆነ። እሷ በመሀል አንድ ነገር ብቻ ጣል አደረገች፦ «አንድ ዳቦ ለሦስት ብትካፈሉ ነው ወይስ ለአራት ብዙ የሚደርሳችሁ?»

«ቲቸር፣ እኛ ቤት ለስድስት ነው!» አለች አንዷ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሳያልቅ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «ቆይ፣ ቆይ፣ ለስድስት እኮ ይብሳል! ያንሳል!» ብሎ ጮኸ። ራሱ የጮኸው ነገር ራሱን አስገርሞታል። ካርዱ እንደገና ተነሳ። አሁን በ«ለ» የቀሩት ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኙ እነማን እንደሆኑ ስልኩ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ለብቻቸው ይዣቸው ቁጭ አልኩ፤ ዳቦም ገዛሁ። 67 ልጅ ላይ ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት አይቻልም፤ ዘጠኝ ላይ ይቻላል።

ቴክኖሎጂ ሲባል የኔ ትውልድ ትዝ የሚለው ፕላዝማ፣ በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ተማሪ ነበርኩ። በሳተላይት ይተላለፋል፣ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ የተዘጋጀውም ደቡብ አፍሪካ ነው። ማቆም የለ፣ መመለስ የለ። ለመምህራችን የተረፈችው መግቢያና መዝጊያ ላይ ያለች ጥቂት ደቂቃ ናት። ጥያቄ ይጠይቀንና ጥቂት ሰከንድ ቆጥሮ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። ማን መለሰለት? እኛ ዝም። መምህራችን በሩ አጠገብ ቆሞ እንደኛው ያያል። ብዙ ገንዘብ የወጣበት ነገር ነው፤ አንድም ቀን ግን ሰምቶን አያውቅም።

እንግዲህ የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ለልጅ የሚያወራ ማሽን ሞልቷል። ቲቪው፣ ፕሮጀክተሩ፣ አሁን ደግሞ «ስማርት ሰሌዳ» የሚባለው። ልጁን የሚሰማ ግን ጥቂት ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ዕቃ ሊገዛ ሲል፣ ረጂ ድርጅት ታብሌት ይዞ ሲመጣ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፦ ዛሬ አራተኛው ረድፍ ላይ ያለው ዝምተኛ ልጅ ምን እንዳልገባው መምህሩ በዚህ ያውቃል ወይ? የማያውቅ ከሆነ ለኔ ቻርት ነው። መብራት የሚበላ ቻርት።

መስማት ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬ፣ ሊማር ከሩቅ አገር ወደ ባዕታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ተማሪ ዛሬም አለ። ፊደል የሚቆጥረው ሕፃን በስንጥር እየጠቆመ ፊደሉን ለየኔታ ወይም ለታላቁ ተማሪ ብቻውን ይላል፤ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረማል። የኔታ ክፉ ኩርኩም እንደነበራቸው አውቃለሁ፤ ኩርኩሙ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ግን የእያንዳንዱን ልጅ አፍ ሰምተው ነው ወደሚቀጥለው የሚያሳልፉት። እኛ ባንድ ክፍል 67 ልጅ አጉረን ያንን በ«አዎ!» ተካነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነሱም ክፍል ውስጥ «አዎ!» ሲሉ ነበር፤ በዚህ እወራረዳለሁ።

ካርዱ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው አልልም። ምርጫ ያለው ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ልጅ ሲያነብ አይሰማም፤ ለሱ ጆሮ ነው የሚያስፈልገው። ስልኩ የመምህሩ ነው፣ ዳታውም ከደሞዙ ነው። የልጆች ስም ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ መቀመጡም አይጥመኝም፤ እሷ የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ ነው ያስገባችው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ያየ ሰው፣ ትምህርቱን በአንድ ገመድ ላይ አይሰቅልም።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ኔትወርኩ ሳይሆን ያ ቅጽ ነው። ይቺ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ባየችው ነገር ብትተወው ኖሮ ማን ይፈርድባት ነበር? ነጥቧ የተቀነሰው ስለሞከረች ነው። ጓደኞቿም አይተዋል። የሚቀጥለው ዓመት እጩ ቻርት ሠርቶ ይመጣል፤ ምን አስለፋው! በኔ ግምት ቅጹ ላይ ሦስት ጥያቄ ቢጨመር ይበቃል፦ ምን ሞከርሽ? ምን ተበላሸ? በማግስቱ ምን ቀየርሽ? ሱፐርቫይዘሩም አንድ ቀን ብቻ መጥቶ አይሂድ። በሁለተኛው ሳምንት ቢመለስ ኖሮ በጠመኔ የተሠራውን ክብ ያይ ነበር።

ፕራክቲከሟን ጨርሳ ሄደች። ካርዶቹን ትታልኛለች፤ የኮምፔንሳቶ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አሉ። አፕሊኬሽኑንም ስልኬ ላይ ጭናልኛለች። እኔ ግን እንደሷ አልቀለጠፍኩም። ኔትወርክ በሌለ ቀን፣ ማለትም አብዛኛውን ቀን፣ ሌላ ዘዴ አለኝ። ልጆቹ ዓይናቸውን ይጨፍኑና መልሱን በጣታቸው ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። አንድ ጣት «ሀ»፣ ሁለት ጣት «ለ»፣ አራት ጣት «አላውቅም»። የሚሰርቅ ዓይን አይጠፋም፤ ቢሆንም ያሳያል።

ባለፈው ሐሙስ ማባዛት ጨርሼ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ። «ገባችሁ?» አልኩ፤ ልማድ አይለቅም። «አዎ፣ ቲቸር!» አለ ጣሪያው ሁሉ።

38 ቁጥር እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ዓይናችንን አንጨፍንም እንዴ?»