የሚያስቀው መሰላሉ ነው

ስለ ጃኪ ቻን ድብድቦች የተጻፈው ጽሑፍ አሪፍ ነው። «ጃኪ ቻን ሲደባደብ የሚያስቀን ፊቱን ስለሚያጨማድድ ነው» የምትለዋ ላይ ግን አልስማማም። ፊቱማ ምርቃት ነው። ሳቁ የሚመጣው ከያዘው ዕቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ፈርስት ስትራይክ» ፊልሙ ላይ ያለውን የመሰላል ድብድብ ልብ ብላችሁ እዩት። መሰላሉን የሚያነሳው ጀግና ስለሆነ አይደለም፤ ስለጨነቀው ነው። ከዚያ መሰላሉ አንዴ ጋሻ፣ አንዴ ዱላ፣ አንዴ ወጥመድ ይሆናል። ሰውዬው በመወጣጫዎቹ መሃል ሾልኮ ይወጣል! ካሜራው ደግሞ ራቅ ብሎ ስለሚቆም እጁንም፣ እግሩንም፣ መሰላሉንም አንድ ላይ እናያለን። ዛሬ ዛሬ እየቆራረጡ ማን ማንን እንደመታ እንኳ አይለይም።

ኤዲቲንጉም ተንኮል አለው። ምቱ ሊያርፍ ሲል ይቆርጡና፣ ጥቂት ፍሬም (የፊልሙን ነጠላ ምስሎች) ወደኋላ መልሰው ከቅርብ ይደግሙታል። ዓይናችን ድግግሞሹን አያስተውልም፤ ምቱ ግን ይከብዳል። መቺው ራሱ እጁን አሞት ሲያራግፍ ነው እንግዲህ ሰው በሳቅ የሚፈርሰው። ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቋንቋውን ማን ይሰማ ነበር? ሁሉም ግን እኩል ይስቅ ነበር።

የእኛ ኮሜዲዎች ላይ ድብድብ ሲጀመር ቀልዱ ቀጥ ይላል። ለምን? ሰኞ ገበያ ሸክላ በተዘረጋበት መሃል አንድ ድብድብ አስቡ፤ ጀግናው ጀበናና ድስት እንዳይሰበር እየተጨነቀ ሲደባደብ፣ ባለ ሸክላዋ እትዬ ደግሞ ሁለቱንም እየተራገሙ።