ማስተካከያ፦ የቦርከና ዳክዬዎች እህል ሊበሉ አይመጡም

ባለፈው ጽሑፍ ላይ በአማራ ክልል ወዳለው የቦርከናና ጨፋ ረግረግ የሚመጡ ዳክዬዎች በክረምት እንደሚገቡና የሚመጡትም እህል ፍለጋ እንደሆነ ተገልጾ ነበር። ሁለቱም መታረም አለባቸው።

ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚደርሱት እኛ ጋ ዝናቡ ሲያበቃ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ይገቡና በመጋቢት አካባቢ ይመለሳሉ።

ምግባቸው በአብዛኛው ያለው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው። የሣርና የውሃ ተክል ዘር፣ ሥራሥር፣ ቀንድ አውጣ፣ ትንንሽ ነፍሳት ይበላሉ። አንዱ ዓይነት መንቁሩ እንደ አካፋ ሰፊ ነው፤ በጠርዙ ባሉት ጥርስ መሰል ነገሮች ውሃውን አጥልሎ ምግቡን ያስቀራል። በጣም ደስ የሚል አሠራር ነው! ሌላው ደግሞ ጭራውን ሽቅብ አድርጎ በረጅም አንገቱ ጭቃው ውስጥ ምግብ ይፈልጋል። አንዳንዶቹ ማታ ማታ ማሳ ላይ ይወርዳሉ፤ ግን በብዛት የሚለቅሙት ከአጨዳ የተራረፈውን ፍሬ ነው። ለጋ ቡቃያ በብዛት የሚግጠው ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖረው የግብፅ ዝይ ነው። እሱን ከእንግዶቹ ጋር መደባለቅ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ዳክዬዎቹን ከማባረር ይልቅ የረግረጉ ዳር እንዳይደርቅ መጠበቅ ይበልጣል። ያው ረግረግ በበጋ ለከብቶቻችንም ግጦሽ ነው።