«ቶዮታ ነው» ተብሎ የሚገዛ መኪና

ከቨርጂኒያ እስከ ሚኒሶታ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የመኪና ጨዋታ ሲነሳ ጥያቄው አንድ ነው፦ «የማይበላሸው ብራንድ የቱ ነው?» መልሱም አንድ ነው። ቶዮታ፣ እሱ ካልሆነ ሆንዳ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። የስንት ዓመተ ምሕረት ስሪት ነው፣ ሞተሩ ባለ ስንት ሊትር ነው፣ ካምቢዮው ምን ዓይነት ነው የሚል ሰው ከተገኘ ነገር አካባጅ ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የምንኖረው የእያንዳንዱ መኪና ገመና በነጻ ተጽፎ በተቀመጠበት አገር ነውና።

አገር ቤት ብራንድ ብቻ መጠየቅ የራሱ ምክንያት ነበረው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ የገዛ ሰው ከመኪናው ጋር የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራንም ገዝቷል። ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ)፣ የፍሬን ሸራው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የበር እጀታው ሳይቀር ኦርጅናሉም፣ ኮፒውም፣ ያገለገለውም እዚያ አለ። የሠፈር መካኒክ ሞተሩን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ልሽጥ ሲባልም ገዢ አይታጣም፤ ለዓመታት የተነዳ መኪና ከተገዛበት በላይ በሚሸጥበት ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያ የሚፈለገው ሲበላሽ ቶሎ የሚነሳ መኪና ነው። ሰዉ ይህን ልማድ ሳይፈትሽ ይዞት ተሻገረ።

አሜሪካ ውስጥ መለዋወጫ የማይገኝለት መኪና የለም ማለት ይቻላል። ወገብ የሚሰብረው የእጅ ዋጋ ነው። ሞተር ወይም ካምቢዮ ከሄደ የአሮጌውን መኪና ዋጋ የሚያህል ሂሳብ ይመጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ይህ ሞተር በዚህ ዓመት ከዚህ ካምቢዮ ጋር ምን ታሪክ እንዳለው ነው።

ካምሪን እንውሰድ። ከ2007 እስከ 2009 (ዓመቶቹ ካልተለዩ በቀር በፈረንጆች ናቸው) የወጣችው ባለ 4 ሲሊንደር ካምሪ ሞተር 2.4 ሊትር፣ 2ኤዜድ የሚባለው ነው። ይህ ሞተር ዘይት በመብላት ይታወቃል። ፋሻው ጠርጎ ያወረደው ዘይት ወደ ታች የሚመለስባቸው የፒስተን ቀዳዳዎች በካርቦን ይደፈኑና ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ኩባንያው ራሱ ዋስትናውን አራዝሞ፣ በ1,200 ማይል ከ1 ኳርት በላይ የበላውን ሞተር ፒስተንና ፋሻ በነጻ ሲቀይር ነበር። ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በ2010 ስሪት ግን አዲስ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ገባላት፤ ይህ በሽታ እዚያ ላይ አበቃ። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ቢታዩ ብዙ ሰው አይለያቸውም። «ካምሪ ናት» ብሎ የ2009ኟን የገዛ ሰው በየሳምንቱ ኮፈን እየከፈተ ዘይት ይጨምራል፤ ከረሳ ደግሞ ሞተሩን ይቀብራል።

እንዲህ ያለችውን መኪና ማወቅ ይቻላል። ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሳው ድረሱ፤ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አድርጋችሁ መቀዝቀዙን አረጋግጡ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ እዩ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ወይም ዘይቱ ዛሬ የተቀየረ ይመስል ማር የመሰለ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። አስነስታችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል ባለበት ካሠራችሁት በኋላ ቤንዚኑን አንዴ ረገጥ አድርጉ፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ነገሩ አለቀ። ካንዴላዎቹን የሚያስፈታ ሻጭ ከተገኘ ደግሞ ጫፋቸው በዘይት የራሰና የጠቆረ መሆኑ ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የብራንድን ነገር ጨርሶ ያፈርሰዋል። ሃዩንዳይና ኪያ ቴታ 2 የሚባለውን ባለ 2.0 እና 2.4 ሊትር ሞተር በሶናታ፣ በሳንታ ፌ፣ በኦፕቲማ፣ በሶሬንቶና በስፖርቴጅ ላይ አሰማሩት። አላባማ የሚገኘው ፋብሪካ ክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ሲበሳ የቀረ የብረት ብናኝ የዘይቱን መንገድ ዘጋ፤ ዘይት ያጣው የቢየላው ብሮንዚና (የፒስተኑ ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት መሸከሚያ) ተበላ፤ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ፤ ከዚያ አውራ ጎዳና ላይ ቀጥ አለ። ሪኮሉ (ኩባንያው መኪናውን መልሶ ጠርቶ በነጻ የሚጠግንበት ጥሪ) በ2015 ተጀመረ። በ2020 ሁለቱ ኩባንያዎች ሪኮሉን በማዘግየታቸው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በድምሩ 210 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ቅጣት ተስማሙ። «ኮሪያ ስለሆነ ነው» ያለ ብዙ ነው። በግንቦት 2024 ግን ቶዮታ ራሱ የ2022 እና 2023 ተንድራንና ሌክሰስ ኤልኤክስን፣ በድምሩ 102,000 ገደማ መኪና ጠራ። ምክንያቱ? አዲሱ ባለ ሁለት ተርቦ ቪ6 ሞተር ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ የብረት ፍርፋሪ። መፍትሔው ሙሉ ሞተር መቀየር ሆነ። ከዚያ በፊት የነበረው የተንድራ ቪ8 ሞተር እኮ ስንትና ስንት ማይል ሲሄድ የኖረ ነው! ገዢው ግን አርማውን አይቶ አዲሱንም በዚያው ስም ገዛ።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው፤ አዲስ ሞተር ወይም አዲስ ካምቢዮ የገባበትን የመጀመሪያ ዓመት ስሪት፣ ብራንዱ ማንም ይሁን ማን፣ ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላው አትንኩት።

«እኔ ደረጃ አይቼ ነው የምገዛው» የሚል ደግሞ አለ። ጥሩ ነው፤ ግን ደረጃው ምን እንደሚለካ ይታወቅ። የጄ ዲ ፓወር የአስተማማኝነት ጥናት የ3 ዓመት መኪና ባለቤቶችን ጠይቆ በ100 መኪና ስንት ችግር እንደተነገረ ይቆጥራል። ስልክ ከስክሪኑ ጋር አልገናኝ ማለቱ አንድ ችግር ነው፤ ካምቢዮ መሞቱም አንድ ችግር ነው። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የሚባለው የሸማቾች መጽሔት ይሻላል፤ ለሞተርና ለካምቢዮ የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ በየሞዴሉና በየዓመቱ ለይቶም ያሳያል። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በካርዳቸው በነጻ ያስነብቡታል። ጀርመን ያላችሁ የምታምኑት የቲዩፍ ሪፖርት ደግሞ የሚናገረው በግዴታ ምርመራ ላይ ስለተገኘ ጉድለት ነው፤ የተበላ የፍሬን ዲስክ፣ የተሰበረ ስፕሪንግ፣ የማይበራ መብራት። ሞተሩ ሁለቴ ተቀይሮ የመጣ መኪና እዚያ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል።

ዋናው ሰነድ ሌላ ቦታ ነው። ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ የሚባለው የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ 17 ፊደልና ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር ስታስገቡ ያልተሠራ ሪኮል ካለ ያወጣዋል። ቁጥሩ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር እና በበሩ ጉበን ላይ አለ። 10ኛው ምልክት የስሪቱን ዓመት ይነግራል፤ የመጀመሪያው የተገጣጠመበትን አገር፦ ጄ ጃፓን፣ ኬ ኮሪያ፣ 1፣ 4 እና 5 አሜሪካ፣ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ። በዚያው ገጽ በሞዴልና በዓመት ስትፈልጉ ባለቤቶች የጻፉት አቤቱታ ሁሉ ይመጣል። ብዛቱን አትዩ፤ ብዙ የተሸጠ መኪና ብዙ አቤቱታ አለው። ድግግሞሹን እዩ። አንድ ዓይነት ክፍል በተቀራራቢ ማይል ላይ ከተበላሸ በሽታው የመኪናው ነው። ያንኑ ሞዴል ከአንድ ዓመት በፊትና በኋላ ካለው ጋር አስተያዩት። ኩባንያው ለጋራዦቹ የላካቸው የጥገና መልእክቶችም እዚያው አሉ፤ ኩባንያው በአደባባይ የማይናገረውን በሽታ የሚናገረው በእነዚያ ነው።

የሚያስቆጨኝን ልናገር። የዋስትና ማራዘሚያ ሪኮል አይደለም፤ የሻንሲ ቁጥር ፍለጋው ላይ አይወጣም። የካምሪው ዘይት ጉዳይ በዚህ መንገድ ነበር የተያዘው። የኒሳን አልቲማ ከ2013 እስከ 2016 የሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው) ካምቢዮም እንዲሁ፤ ዋስትናው ከ60,000 ማይል ወደ 84,000 ማይል፣ ከ5 ዓመት ወደ 7 ዓመት ተራዘመ። ለባለቤቱ ደብዳቤ ይላካል፤ ደብዳቤው የሚሄደው ግን ወደ ተመዘገበው አድራሻ ነው። ቤት የቀየረው፣ መኪናውን ከሰው እጅ የገዛው ወገናችን ደብዳቤው አይደርሰውም። ሲበላሽበት የሚያውቀው ሐበሻ ጋራዥ ይወስድና ሌሊት ታክሲ ነድቶ ያጠራቀመውን በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። አንድ ስልክ ዲለሩ ሰርቪስ ክፍል ደውሎ «በዚህ የሻንሲ ቁጥር ክፍት ሪኮልም ሆነ የተራዘመ ዋስትና አለ ወይ?» ቢል ኖሮ በነጻ ይሠራለት ነበር። ደረሰኝ ለያዘ ሰው የከፈለውን የሚመልሱባቸው ፕሮግራሞችም አሉ። ደረሰኝ! የዘይት ቅየራ ደረሰኝ እንኳ የሚያስቀምጥ ስንት ነው? ሃዩንዳይ በቴታ 2 ላይ የዕድሜ ልክ የሞተር ዋስትና ሲሰጥ ከባድ ቸልተኝነት የታየበትን መኪና አይጨምርም፤ ያን ጊዜ የሚከራከርላችሁ ያ ወረቀት ነው። አቤቱታ የሚጽፍም ከእኛ ውስጥ ጥቂት ነው። ዋስትናው የሚራዘመው ግን ሌሎች ስለጻፉ ነው።

ይህ ሁሉ ሳያንስ ምክራችን በስልክ አገር ቤት ይሻገራል። «ቶዮታ ይሁን እንጂ ዝም ብለህ ግዛ» ይባላል። ከጃፓን ተነስተው በዱባይ በኩል የመጡ፣ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ቪትዞች አሉ። የእነሱን ዳሽቦርድ፣ የመሪ ጥርስና የፍሬን ፔዳል ቦታ የወሰነው ጋራዥ እንጂ ቶዮታ አይደለም። ገዢው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየውን ላሜራ ይመልከት፤ በብየዳ የተደፈነ ቀዳዳ በቀኝ በኩል ካለ መሪው ዞሯል። የዝናብ መጥረጊያው በሾፌሩ በኩል ሰፊ ቦታ ሳይጠርግ ከቀረም ምልክት ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ተቀይሯል። ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። የቶዮታ ኤሌክትሪክ መኪና ቢዜድ4ኤክስ እንኳ በ2022 ገና ገበያ እንደወጣ የጎማ ብሎኑ እየላላ ጎማ ሊወልቅ ይችላል ተብሎ ተጠርቷል። የድሮው ስም እዚህ አይሠራም።

ስለዚህ ከአገር ቤት ሲደወልላችሁ ብራንድ ከመጥራታችሁ በፊት እነዚህን አስጠይቁ። መኪናው የቻይና ገበያ ስሪት ከሆነ የቻርጅ ሶኬቱ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት ነው፤ ቤት ውስጥ የሚገጠመው ቻርጀር ከዚያ ጋር ይገጥማል ወይ? የባትሪው ዋስትና ብዙ ጊዜ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ይባላል፤ አስመጪው በራሱ ማኅተም በጽሑፍ ይሰጣል ወይ? ካልሰጠ ዋስትናው ቻይና ቀርቷል ማለት ነው። ያገለገለ ከሆነ የባትሪው ጤና በዲያግኖስቲክ መሣሪያ በመቶኛ ይነበብ፤ ሻጩ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው የቀረ ኪሎ ሜትር ትናንት በተነዳበት ሁኔታ የሚቀያየር ግምት ነው። ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሳና ከሥር ያለው የባትሪ መያዣ ይታይ፤ ድንጋይ ያጎደጎደው ወይም ጠርዙ ላይ ማሸጊያው የተነካ ከሆነ ቀጣዩ ክረምት ውሃ ያስገባል። በመጨረሻ የፊት መብራቱን፣ የጎን መስታወቱን፣ የፊት ሾክ አብዞርበሩን፣ የቻርጅ ሶኬቱንና ኦንቦርድ ቻርጀሩን (መኪናው ውስጥ ያለውን ቻርጀር) ዋጋ ከሦስት ሱቅ ይጠይቁ። ከአምስቱ ሦስቱን «እናስመጣለን» ካሏቸው፣ ያንን ሞዴል ሌላ ሰው ቀድሞ ይግዛው።