ለትራንስክሪፕት ብቻ ወደ ግቢ ብቅ ለምትሉ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ወገኖቼ፣ በተለይ ከስድስት ኪሎ፣ ከአምስት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎና ከጥቁር አንበሳ የተመረቃችሁ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

ከተመረቃችሁ ወዲህ ግቢውን የረገጣችሁት ለምን ነበር? ኦሪጅናል ዲግሪ ለማውጣት። ውጭ አገር ትራንስክሪፕት ለማስላክ። ሬጅስትራር ደጃፍ ተሰልፋችሁ፣ «ይሄ ግቢ ዛሬም አልተሻሻለም» ብላችሁ አጉረምርማችሁ ወጣችሁ። ማን እንዲያሻሽለው ነበር?

«ወጪ መጋራቴን ከፍያለሁ» የሚል አይጠፋም። ደግ አደረግህ። ግን ደንቡ ከምግብና ከመኝታው ሌላ ያስከፈለህ ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶ ያህሉን ነው። የቀረውን የሸፈነው ሳሙና ሲገዛ እንኳ ታክስ የሚከፍለው ሕዝብ ነው፤ ልጁ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልደረሰለት ጭምር። ወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት የተመረቃችሁትማ እሷንም አልከፈላችሁም። በነጻ በልታችሁ፣ በነጻ ተኝታችሁ፣ በካፌው ወጥ ላይ እየቀለዳችሁ ነው የወጣችሁት።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ሳይመረቅ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር። ብዙዎቹ በየትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆነው አገለገሉ። ያ አንድ ዓመት ነው። እኔ የምለው ግቢውን ዕድሜ ልክ ማገልገል ነው።

አትደንግጡ። ሁላችሁም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውን ሁኑ አልልም። እሳቸው እዚሁ ተምረው፣ ስዊድን ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ተመልሰው አራት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ኸርባሪየም፣ የደረቁ ዕጽዋት ናሙና ወደሚጠበቅበት ቤት፣ ገቡ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕጽዋት መዝግቦ የማሳተሙ ሥራ ወደ 30 ዓመት ፈጅቶ ሲጠናቀቅ መሪው እሳቸው ነበሩ። እንዲህ ያለው ጽናት ለጥቂቶች ነው የሚሰጠው። ከእናንተ የሚፈለገው በጣም ቀላል ነው፤ የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

የኢንጂነሪንግ ተማሪ የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። «ቦታ የለንም» ብሎ የሚመልሰው ማን ነው? የራሱ ግቢ ምሩቅ። ሌላው ይቀበለዋል፤ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳውና ሻይ ሲያስመጣው ይከርማል። መጨረሻ ላይ «ታታሪ ነበር» ብሎ ማኅተም ይመታለታል። በምን ታተረ? በሻይ? ለመመረቂያ ጽሑፏ መጠይቅ ይዛ የመጣችውን ልጅ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ማባረርስ ምን የሚሉት ነው? ያኔ የእናንተን መጠይቅ የሞሉላችሁ ሰዎች ሥራ ፈት ነበሩ እንዴ?

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ ገቢም ራሱ መፈለግ አለበት። ከተማሪ ኪስ ብቻ ከፈለገ፣ የድሃ ልጅ ከበር ይመለሳል። እናንተ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የባች ግሩፕ አላችሁ። ለሠርግና ለለቅሶ ታዋጣላችሁ፣ ያስመሰግናችኋል። በዚያው ግሩፕ በዓመት ለአንድ ተማሪ ላፕቶፕ መግዛት ይከብዳል?

ዋሽንግተን ያላችሁ ሐኪሞችም፣ ለእረፍት ስትመጡ አንድ ከሰዓት ለጥቁር አንበሳ ሬዚደንቶች፣ ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚማሩት ሐኪሞች፣ ስጡ። የሚያደርጉት አሉ፣ ቁጣዬ እነሱን አይመለከትም።

«ግቢው ራሱ አይጠራንም» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ቢሮክራሲው ያስመርራል። ላስተምር ብሎ የሄደ ሰው «ደብዳቤ አምጣ» ሊባል ይችላል። እንግዲያው በቢሮው በኩል አትሂዱ። አብሯችሁ ተምሮ እዚያው መምህር ሆኖ የቀረ ጓደኛ አይጠፋም። ደውሉለትና «ክፍል ያለህ መቼ ነው? እኔ የምሠራውን ለልጆቹ አንድ ሰዓት ላሳያቸው» በሉት። ማርከር አልቋል ካሏችሁም ገዝታችሁ ሂዱ።