ቁልፉ እሱው ጋ ይቆይ

ነገሩ የተጀመረው በካናቴራ ነው። ቁም ሣጥኑ አልዘጋ ያላት ባለቤቴ የኔን በኩል እንዳለ አልጋው ላይ ዘረገፈችውና መቁጠር ጀመረች። 34 ካናቴራ። የፖሊዮ ዘመቻ፣ የኤድስ ቀን፣ የእጅ መታጠብ ቀን፣ የችግኝ ተከላ (በሦስት ዓይነት አረንጓዴ)፣ የትራፊክ ደኅንነት ሳምንት፣ «ደም እንለግስ»። አንዱማ ታጥቦ ታጥቦ «…ን እንከላከል» የሚለው ብቻ ቀርቶበታል። ምን ስንከላከል እንደነበር እኔም ጠፍቶኛል፤ እንደተከላከልን ግን ተስፋ አደርጋለሁ።

«የሰው ባል ማታ ሲገባ ማንጎ ይዞ ይገባል፤ አንተ መፈክር ይዘህ ትገባለህ» አለችኝ። «22 ዓመት በነጻ ሠርተህ ይኸው ጨርቅ ነው ያተረፍከው። ወለል እንኳ ብወለውልበት ዕድሜዬን አይጨርሰውም።»

ለድሬዳዋ ከተማ ምክር ቤት በግል ልወዳደር የወሰንኩት ያን ሌሊት ነው። ወሩ የካቲት ስለነበረ በሙቀቱ ማሳበብ አልችልም። ሕጉ ከእጩ የሚጠይቀው ዕድሜ 21 ነው፤ እኔ በእድር ጸሐፊነት ብቻ 22 ዓመት አለኝ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ ነበርኩ። ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፣ ያስታረቅኳቸውንም እንደገና አስታርቄያለሁ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት፣ ያ ከዓመት ዓመት አሸዋ ብቻ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ደጋው ላይ የዘነበውን ተሸክሞ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ በማግስቱ ብርድ ልብስ ሲቆጥሩ ከዋሉት አንዱ ነኝ። የዚያን ዕለት ነገር ወግ ውስጥ አይገባም፤ ልለፈው።

ከውሳኔዬ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና እድሩ ሆነ። እድራችን እንደ ከተማው ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት፤ አፎሻ (የሙስሊሙ መረዳጃ ማኅበር) ያላቸውም አፎሻቸውንም እድሩንም ይከፍላሉ። አንድ እሑድ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ብቻ፦ ጸሐፊው ለምርጫ መወዳደር ይችላል ወይ?

አንድ ሐጂ ተነሥተው፣ እድር ፖለቲካ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ እስከ ምርጫው ድረስ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሌላ ሰው ያስረክብ አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እዚህ ላይ ነገሩ ቀዘቀዘ። ቁልፉ ማለት፣ ለማያውቀው፣ ሁለት ድንኳን፣ 160 የፕላስቲክ ወንበር (አሥራ አንዱ እግር የጎደለው)፣ አራት ብረት ድስት፣ አንድ ጥሩምባ፣ እንዲሁም ሌሊት በ9 ሰዓት «እማዬ አረፈች» ብሎ በር የሚደበድብ ሰው ማለት ነው። ሰብሳቢው «ማን ይረከባል?» ሲሉ አንዱ ወገቡን ያመዋል፣ አንዱ ልጁ ዘንድ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው፣ አንዱ ገና በወጉ አልገባው ይሆናል «እኔ እንኳ ተቃውሞ የለኝም» ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሐሳቡን ያነሡት ሐጂ ሰዓታቸውን አዩና የዙህር ሰላት አስታወሱ። ከሦስት ሰዓት ክርክር በኋላ የተያዘው ቃለ ጉባኤ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦ «ጸሐፊው እንዲወዳደር፣ ቁልፉ ግን እሱው ጋ እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

በሙሉ ድምፅ የተመረጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

የምርጫ ምልክቴ ጃንጥላ ሆነ። ድሬ ላይ ጃንጥላ የዝናብ ሳይሆን የፀሐይ ዕቃ ነው፤ ጥላ እሆናችኋለሁ እንደማለት ይሆናል ብዬ ነበር። አንድ ትልቅ ጃንጥላ ተውሼ ታይዋን የሚባለው ገበያችን አካባቢ ቆምኩ፣ ወረቀቴን ይዤ። ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላኝ አንድ ባጃጅ ሲጥ ብላ አጠገቤ ቆመች።

«ስንት ነው ዙርባው?»

«ጫት አይደለም፤ ምርጫ ነው።»

«አቦ አትቀልድ፤ የአወዳይ ነው?»

ጥፋቱ የሱ አልነበረም። በከተማችን ጃንጥላ ስር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን በዓይኑ የሚለምን ሰው ምን እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ስድስት ሰው ዋጋ ጠየቀኝ፣ አንዱም «ትናንት የሰጠኸኝ ደርቆ ነበር» ብሎ ተቆጣኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። በበጎ ፈቃድ የኖረ ሰው ልማዱ ነው፣ ያላጠፋውንም ይቅርታ ይጠይቃል።

እንግዲህ እነሱ ወደኔ ካልመጡ እኔ ወደነሱ ልሂድ አልኩና የቅስቀሳውን ፕሮግራም ወደ በርጫ፣ ጫት ወደሚቃምበት፣ አዞርኩት። ከቀትር በኋላ ከተማው ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ ነው የሚገኘው፤ ሌላ ቦታ መፈለግ ነፋስ መጎሰም ነው። ግን በርጫ የራሱ ሰዓት አለው። 8 ሰዓት ላይ ገብቼ ስለ ቆሻሻ አነሣስ ስናገር የሰማኝ የለም፤ ሰው ገና ቀንበጡን እየመረጠ፣ ለውዙን እየፈለፈለ ነው። «ቆይ አቦ፣ ይድረስ» ይሉኛል። 10 ሰዓት ላይ ደረሰ። ምርቃና ገባና እኔ የማልናገርበት ጊዜ መጣ። እኔ ያሰብኩት የሰፈራችንን የቦይ ክዳን ነበር፤ እነሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደቻቱ ላይ አራት ድልድይ ሠሩ፣ የድሮውን ባቡር ከለገሃር አስነሡ፣ ሳቢያን ላይ ባለ 20 ፎቅ ተከሉ፣ በመጨረሻም አንዱ፣ ጋደም እንዳለ፣ የጅቡቲን ባሕር በቱቦ እስከ መልካ ጀብዱ አመጣው። «ዓሣውስ?» ብሎ ጠየቀ ሌላው፣ በጣም ከልቡ። በዓሣው ጉዳይ ላይ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ።

በአማርኛ የጠየቅኩትን በኦሮምኛ መለሱልኝ፣ በሶማልኛ ቀለዱብኝ፣ በሦስቱም ቃል ገቡልኝ። «ያንተ ድምፅ አለቀ! እኛ እያለን!» ሲመሽ ምርቃናውን ሊሰብሩ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ከመካከላቸው አንዱን ቀፊራ አገኘሁትና ሰላም ስለው፣ ትክ ብሎ አየኝና «የት ነበር የምንተዋወቀው?» አለኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት አንቱታውን ነው። የድሬ ሰው አንቱ አያውቅም፤ አባቱን አንተ ብሎ ያደገ ነው፣ ባለሥልጣኑንም ከፈለገ አንተ ይለዋል፤ የመሐል አገር ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ በሳምንቱ ይለምደዋል። እኔ እጩ መሆኔ በተወራ በሁለተኛው ሳምንት ጀበና ቡና የምታፈላው ጎረቤቴ «ስኳር ላድርግልዎ?» አለችኝ። ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። 15 ዓመት «ና ቁጭ በል አንተ» ያለችኝ ሴት ናት።

«ምን አደረግኩሽ?» አልኳት።

«ምንም። ብቻ እርስዎ ወደ ላይ ሊሄዱ ነው።» ዝም አለችና፣ ከሰሉን እያራገበች ቀጠለች፦ «ከገቡ በኋላ ያው እንደሌሎቹ ስልክ አያነሡም። እኛ ደግሞ የምንወድዎ ሽርጥዎን አገልድመው፣ ችካል ተሸክመው ሲመጡ ነው።»

እማማ ደግሞ፣ ከኛ በር ሦስተኛው ቤት ያሉት፣ በቀጥታ መጡብኝ። ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ሦስት ሌሊት እዚያው ድንኳን ውስጥ ያደርኩላቸው ናቸው። በወረቀቱ ላይ ያለውን ፎቶዬን አንድ ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ አዩና «ለካ ለዚህ ነበር ያን ሁሉ ሌሊት ያደርከው?» አሉኝ።

«እማማ፣ እሱ እኮ 1996 ላይ ነው።»

«ቀድመህ ነዋ ያሰብክበት!»

መልስ ፈልጌ አጣሁ። ቢያንስ ግን አንተ አሉኝ።

ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ሰኞ ዋለ። ድምፅ ከመሰጠቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ቅስቀሳ ይቆማል፤ የጥሞና ጊዜ ይባላል። እኔም ጃንጥላውን መልሼ፣ አፌን ዘግቼ ቤቴ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ሌሊት በ9 ሰዓት በሩ ተደበደበ።

እንግዲህ ሕግ አዋቂ ይፍረደኝ፤ እጩ ተወዳዳሪ በጥሞና ጊዜ ድንኳን መትከል ቅስቀሳ ነው አይደለም? ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ በሙሉ ድምፅ። ሬሳ ደግሞ ምርጫ ቦርድን አይጠብቅም። ማስክ አደረግኩ (የኮሮና ጊዜም አልነበር)፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ሳብኩና እንደ ሌባ በጓሮ በኩል ወጣሁ። ድንኳኑን ስንተክል ድምፄ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነበር የማዘው። «ገመዱን… ላላ አድርገው…» «ምን አልክ?» «ገመዱን!» «አቦ ጮክ በል!» ጎረምሶቹ ሕጉን ስላልሰሙ የማማክራቸው ምሥጢር ያለ መስሏቸው ጆሯቸውን አፌ ድረስ ይዘው ይመጣሉ፤ ከሩቅ ለሚያይ ለያንዳንዳቸው በጆሯቸው ቃል የማስገባ ነው የሚመስለው። ማዶ ደግሞ የሌላ ተወዳዳሪ ደጋፊ የሆነ ጎረቤታችን ወንበር እየደረደረ በዓይኑ ይከተለኛል። ጥሩምባውን ማን ይንፋ ሲባል እኔ እንቢ አልኩ። ልጁ ነፋው፤ ትንፋሹ ስላልደረሰ የከብት ድምፅ ወጣው፣ ለቀስተኛውም ዘግይቶ መጣ፤ ለዚህም እኔ ተወቀስኩ።

ሰኞ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሆን ሰው ተሰልፏል። የሰኔ ፀሐይ እስኪወጣ ደኅና ነበር። ወደ 4 ሰዓት ግድም አሮጊቶቹ መሬት ላይ መቀመጥ ሲጀምሩ ከሰልፉ ውስጥ ድምፅ ተሰማ፦ «የእድሩ ወንበር የለም እንዴ?» መቶ ያህል ራስ ወደኔ ዞረ። ሰልፌን ለቅቄ ሄድኩ፣ በጋሪ 40 ወንበር አምጥቼ ደረደርኩ፣ ስመለስ ወረፋዬ አልፎ ከመጨረሻው ጀመርኩ። ለራሴ ድምፅ የሰጠሁት 9 ሰዓት ላይ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የጣቢያው ውጤት በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፤ ከቤቴ ሰው ቁጥር በትንሹ ይበልጣል፣ ከእድሩ አባላት ቁጥር በጣም ያንሳል። ወረቀቱ በአንድ ጎኑ ተላቅቆ ነፋሱ ያርገበግበዋል። ከኋላዬ የመጡት ማንበብ አቃታቸውና አንዲቷ «ጋሼ፣ እስቲ በዚያ በኩል ያዝልን» አለችኝ። ዞር ስል ባለጀበናዋ ናት። ያዝኩ። ሰው እየመጣ በጣቱ እየቆጠረ ያነባል፣ ይሄዳል፣ ሌላው ይተካል፤ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ወረቀቱን ወጥሬ ይዣለሁ።

«አንተ፣» አለችኝ ትንሽ ቆይታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ «ክንድህን ዝቅ አድርግልኝ፤ የራስህን ሸፍነኸዋል።»