ንጹሕ ሰው ክንዱን አይነፍግም

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰው ሐውልት ይገባዋል። የምሬን ነው። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ሲለው አስይዞ ይገባል። ኮፒ ቤት የመታወቂያው ቅጂ ሲቀር «ምን ያደርጉበታል?» ብሎ ይሄዳል። ለምን ብሎ መጠየቅ የሌባ ጠባይ ነው። ለእንዲህ ያለው ዜጋ የቀረው ቁጥሩን ቆዳው ሥር መቅበር ብቻ ነው።

ደግነቱ እሱም ተሞክሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የሜክሲኮው ዋና ዐቃቤ ሕግ ራፋኤል ማሴዶ ዴ ላ ኮንቻ ክንዳቸው ውስጥ መለያ ቁጥር የያዘች ቺፕ ማስቀበራቸውን በይፋ ተናገሩ። ወደ 160 የሚሆኑ የመሥሪያ ቤታቸው ሰዎችም እንዲሁ አድርገዋል አሉ። የወንጀል መረጃ ማዕከሉ ውስጥ ማን እንደሚገባ ለመለየት ነው። ተገደው ነው የሚል ክፉ አሳቢ አይጠፋም። አለቃህ እጅጌውን ሰብስቦ «አንተስ?» ሲልህ ግን ፈቃድህ ከየት እንደሚመጣ አታውቀውም፣ ብቻ ይመጣል።

ቺፑ ሰውዬው ያለበትን ቦታ ለማወቅም ይረዳል ተባለ። ያኔ ሜክሲኮ በእገታ ተማርራ ሕዝቡ አደባባይ የወጣበት ጊዜ ስለነበር ወሬው ልብ ያሞቃል። ቺፑ የሩዝ ፍሬ የምታክል የመስታወት ብልቃጥ ናት። ባትሪ የላትም። ማንበቢያ መሣሪያ ቆዳው አጠገብ ካልተጠጋላት ቁጥሯን አትናገርም። ስለዚህ አጋቹ ጨዋ ሆኖ ማንበቢያ ገዝቶ ታጋቹ ክንድ ላይ ካስጠጋ፣ የት እንዳለ ወዲያው ይታወቃል። ለአጋቹ።

አሜሪካ ደግሞ የባሰ ቅን ሰው አላት። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይህንኑ ቺፕ በ2004 ሲፈቅድ የጤና ሚኒስትሩ ቶሚ ቶምፕሰን ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ሥልጣን ለቀው የቺፑ አምራች ኩባንያ ቦርድ ውስጥ ገቡ። ቺፑን እኔም አስገባለሁ አሉ። ወራት አለፉ፣ ክንዳቸው ባዶ ነው። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። በ2006 የኩባንያው አለቃ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ቺፑ ለስደተኛ ሠራተኞች እንደሚሆን ጠቆሙ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው፤ ቢያንስ መርፌው ንጹሕ ነው። ስደተኛው ለነገሩ ምን ይላል? እዚያ አገር ወረፋ ይዘው ወረቀት የጠበቁ ወገኖቻችን ያውቁታል፤ ክንድህን ሲሉህ የትኛውን ነው የምትለው።

በዚያው ዓመት ጆናታን ዌስትሁዝ የሚባል ሰው ጋዜጠኛ ክንድ ውስጥ የገባችውን ቺፕ አንብቦ ቁጥሯን ገልብጦ አሳየ። ቺፗ ምስጢር መጠበቂያ አልነበራትም። የተጠየቀችውን ሁሉ ትናገራለች፤ እሷም እንደ ባለቤቷ የምትደብቀው ነገር የላትም። እንግዲህ ሌላ ሰው በአንተ ቁጥር በር ከፍቶ ቢገባ የገባኸው አንተ ነህ። መታወቂያ ቢሰረቅ ትለውጣለህ። ክንድህን ግን፣ በል፣ ወደ ሐኪም ሂድ።

ይህን ሁሉ አይቶ የደነገጠ አንድ የአሜሪካ ግዛት አለ። ዊስኮንሲን በ2006 ማንንም አስገድዶ ቺፕ ማስቀበር ከለከለች። ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላር ነው፣ ጥፋቱ የቆየበት እያንዳንዱ ቀን ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል። ቶምፕሰን የዚህች ግዛት ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው። የአገሩ ልጆች ቀድመው ሳያውቋቸው አይቀሩም።

ሕጉ ግን ንጹሐንን ማቆም አልቻለም። በ2017 በዚያችው ዊስኮንሲን ወደ 50 የሚጠጉ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች በፈቃዳቸው አውራ ጣታቸውና አመልካች ጣታቸው መሃል ቺፕ አስገቡ። በር ይከፍትላቸዋል፣ ኮምፒውተር ያስነሳላቸዋል፣ ከመሥሪያ ቤቱ መክሰስ ያስገዛላቸዋል። ቦርሳ ከኪስ ማውጣት እንዴት ያደክማል መሰላችሁ።