ጽጌረዳን ማዕረግ ማድረግ

አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ደማቅ ብርቱካናማ ጽጌረዳቸውን ለእንግዳ ሲያሳዩ አጠገባቸው ነበርኩ። እንግዳው በአትክልት እውቀቱ የሚከበር ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያሸተው «እማማ፣ ይህ ቀለም ዓይን ይወጋል፤ ከጥንቶቹ ዝርያዎች ቢተክሉ ይሻልዎት ነበር» አላቸው። እሳቸው ምንም አልመለሱም። መቀሳቸውን ገጠም አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

ሰው የወደደውን ቢተክል መብቱ ነው። እኔም መዓዛ የሌለው ጽጌረዳ ልቤን አይሞላውም። የሚያንገበግበኝ ግን ምርጫ ወደ ማዕረግ ሲለወጥ ነው። በጽጌረዳ ወዳጆች ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ1867 በፊት የነበሩት ወገኖች «ጥንታዊ» ተብለው ይከበራሉ፤ ወሰኑ የተሰመረው ፈረንሳዊው ጊዮ «ላ ፍራንስ» የተባለችውን ዝርያ ባወጣበት ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ደጋግመው የሚያብቡት የቻይና ጽጌረዳዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓ ገብተው ከነባሮቹ ጋር ባይዳቀሉ ኖሮ፣ ዛሬ በጥንታዊነታቸው ከምናደንቃቸው መካከል ብዙዎቹ ባልተፈጠሩ ነበር። እነሱም በጊዜያቸው አዲስ መጤዎች ነበሩ።

ከሁሉ በላይ የሚናቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ የቀረበው፣ አሜሪካዊው ዊልያም ራድለር ያዳቀለው «ኖክ አውት» ነው። «የሰነፍ ጽጌረዳ» ይሉታል። መዓዛው ደካማ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ይህ ዝርያ የሚቋቋመውን፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተባለውን በሽታ ያየ ሰው እንዲህ ለመናገር አይቸኩልም። ቅጠሉ ላይ ጠርዙ የተበጣጠሰ ጥቁር ክብ ይወጣል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ከታች ጀምሮ ይረግፋል፤ ተክሉ እርቃኑን ይቀራል። ይህ የአትክልተኛው ስንፍና አይደለም። አዳቃዮች ለረጅም ዘመን አበባውን እያዩ ቅጠሉን ረስተውታል። ደማቅ ቢጫ ቀለም ለማግኘት ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1900 «ሶሌይ ዶር» የተባለውን ዝርያ ሲያወጡ፣ ለዚህ በሽታ እጅግ የተጋለጠ የፋርስ ቢጫ ጽጌረዳ ደም አብሮ ገባ። ራድለር ከጤናው መጀመሩ ክብር የሚገባው ሥራ ነው፤ መድኃኒት የሚረጭበት ጊዜም ገንዘብም የሌለው ሰው ጽጌረዳ እንዲኖረው አድርጓል።

ሰሞኑን ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ብርቱካናማው ጽጌረዳ ከበሩ አጠገብ የለም። ጓሮ፣ ከግድግዳው ጥግ ተዛውሮ አገኘሁት። ቅጠሉ ንጹሕ ነው፤ ሰባት እምቡጥ ይዟል። ወደ ቦታው እንዲመልሱት ለመንኳቸው።

«ተወው ልጄ፣ ሰው ያየዋል» አሉኝ።